ቦቃው ጠቦት

ሚዳቋዋ ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀራት ቆመች። ጥሩሸዋ ከአስታው ቁጥቋጦ ሥር በሆዷ ተኝታ፣ ሁለት እጆቿን አፏ ላይ ገጥማ፣ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። ከእንግዲህ ድምፅ ማውጣት አያስፈልግም፤ እንስሳዋ የግልገል ጩኸት ሰምታ እዚህ ድረስ መጥታለች። አንገቷ ላይ የገባው የሞተር ፍሬን ካቦ በደንብ ይታያል። ሰማያዊ ልባሱ እዚህም እዚያም ተልጧል፤ ጫፉ በሣሩ ላይ እየተጎተተ ይከተላታል። አንድ እርምጃ ጨመረች። ደግሞ ሌላ። ከዚያ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ አየሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳበችና በአንድ ዝላይ ዞራ ቁልቁል ወረደች። ካቦው ከድንጋይ ድንጋይ እየተጋጨ ተከትሏት ጠፋ።

«ሄደች» አለ ማሙሽ፣ ከድንጋዩ ጀርባ ብድግ ብሎ።

«አየሁ። ዓይን አለኝ።»

«እኔ እኮ አልተንቀሳቀስኩም እማዬ። እግሬ ደንዝዞ እንኳን አልተንቀሳቀስኩም።»

«አላየችህም። አሸተተችን።»

ጥሩሸዋ ተነሥታ ተቀመጠችና የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። የዱቄት ሳሙና ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። ዛሬ በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስለምትሄድ ትናንት አጥባ ያሰጣችው ነጠላ ነበር፤ ንጹሕ ልሁን ብላ ነው ጉድ የሠራችው። ቀጥላ ልጇን በኮሌታው ስባ አንገቱን አሸተተች። ቤንዚን፣ የፀጉር ቅባት፣ ከላዩ ደግሞ ከረሜላ ከረሜላ የሚል ሽቶ።

«አንተንማ ዘመሮ ገበያ ያለች ሚዳቋም አሽትታሃለች» አለችው።

ይህ ሁሉ የመጣው በጃርት ምክንያት ነው። ማሙሽ አገሩ በጋራ ከሚጠብቀው የጓሳ ሣር ምድር ወሰን አጠገብ፣ ምንጭ ዳር ባለችው ቁራሽ መሬቱ ድንች ተክሎ ነበር፤ ጃርት ሌሊት ሌሊት እየቆፈረ መከራውን አበላው። እሱ ደግሞ ከዘመሮ ገበያ ሰው በሞተር እያመላለሰ የሚያድር ሰው ነው፤ ማሳ ጥበቃ የሚያድርበት ጊዜ የለውም። ከሞተሩ የወለቀ አሮጌ የፍሬን ካቦ አነሣ፣ ሸምቀቆ ሠራበት፣ ከካስማ ጋር አስሮ በጃርቱ መንገድ ላይ አጠመደው። ማንንም አላማከረም። ጠዋት ሲሄድ ካስማው ተሰብሯል፣ ካቦው የለም፤ መሬት ላይ የጃርት እሾህ ሳይሆን ቀላ ያለ ለስላሳ ጠጉር አገኘ። ጠጉሩን በእግሩ አፈር አልብሶ ዝም አለ። ዝምታ የማሙሽ የቆየ መድኃኒቱ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰሃን ሲሰበር እንኳን ስብርባሪውን ደብቆ ዝም ይል ነበር።

ጥሩሸዋ ግን ሐሙስ ዕለት ኩበት ልትለቅም ወጥታ ሚዳቋዋን ከነካቦዋ አየቻት። ሰማያዊ ልባስ ያለው የፍሬን ካቦ በዚያ መንደር የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ማታ እራት ሲቀርብ ምንም ሳትናገር ዓይኑን አየችው፤ እሱም እጁን ከመሶቡ መለሰ። በዚያው አለቀ።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ሰኞ ጓሳው የሚከፈት መሆኑ ነው። ሣሩ ተዘግቶ ተጠብቆ ከከረመ አራት ዓመቱ ነው፤ ሰኞ አገር ምድሩ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ማሙሽ ይህን ቀን ሲጠብቅ የነበረው በጉጉት ብቻ አይደለም። የድንጋዩ ግድግዳ ካለቀ ሁለት ወር የሆነው አዲስ ቤት አለው፤ ጣራ ብቻ ነው የጎደለው። ሚስቱ ፅዮን ነፍሰ ጡር ናት፤ እናቷ ዘንድ ተቀምጣ ያንን ጣራ ትጠብቃለች። ቆርቆሮ በዚህ ዘመን ዋጋው የሚጠየቅ አልሆነም፤ ያለው ተስፋ በጓሳው ሣር መክደን ነው። የጓሳው ደንብ ደግሞ ድርድር የለውም፤ አውሬ ያጠመደ ቤተሰብ በዚያ ዓመት ለአጨዳ አይገባም። ሰኞ ሰውና ውሻ ተራራውን ሲሞላው ሚዳቋዋ የምትሸሸግበት ታጣለች። ወይ እየሮጠች ካቦው ከአንድ ግንድ ጋር ተጠላልፎ ያንቃታል፣ ወይ አገር ሁሉ ከነሰማያዊው ሐብሏ ያያታል። ስለዚህ ዛሬ ቅዳሜ፣ ግፋ ቢል ነገ፣ ካቦው ከአንገቷ መውጣት አለበት።

እንስሳዋን ደግሞ ሮጦ የሚይዛት ሰው አልተፈጠረም። መጥራት ነው ያለው።

ጥሩሸዋ መጥራቱን የተማረችው ወዳ አይደለም። አባቷ አቶ አወቀ በወጣትነታቸው ስማቸው የተጠራ አዳኝ ነበሩ፤ ጠመንጃው የእሳቸው፣ ድምፁ ግን የእሷ ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ቁጥቋጦ ሥር ያስተኟትና እንደ ግልገል እንድትጮህ ያደርጓት ነበር፤ ያንን ቀጭን ድምፅ የወንድ ጉሮሮ አያወጣውም። ልጅ ያላት ሚዳቋ ያንን ከሰማች፣ የራሷ ግልገል በደኅና ተኝቶ እያለ እንኳን፣ አላስችል ብሏት ትመጣለች። ከዚያ ጥይት። ጥሩሸዋ ስንት እንደሆኑ አልቆጠረችም፤ አንዷን ብቻ ግን መርሳት አልቻለችም፤ ወድቃ እያለች ከጡቷ ወተት ይወርድ ነበር።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። ኋላ አግብታ፣ ማሙሽን ወልዳ ስታጠባ፣ ጡቷ በሞላ ቁጥር ያቺ ሚዳቋ ትመጣባት ጀመር። እንቅልፍ ነሳት። በመጨረሻ የንስሐ አባቷ ፊት ተንበርክካ ሁሉንም ተናገረችና ሁለተኛ ያንን ድምፅ ከአፏ ላታወጣ ቃል ገባች። ማሙሽ አሁን ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ልጆቿን ለማሣቅ እንኳን አንድ ቀን እንደ ግልገል ጮኻ አታውቅም።

ዛሬ በማለዳ የታጠበውን ነጠላ ለብሳ የንስሐ አባቷ አባ አትናቴዎስ ዘንድ የሄደችው በዚህ ምክንያት ነበር። አባ ያን ጊዜ ጎልማሳ ቄስ ነበሩ፤ አሁን በዱላ ነው የሚሄዱት። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው።

«ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምነው በማለዳ?»

የጃርቱን፣ የካቦውን፣ የሐሙሱን፣ ምንም ሳታስቀር ነገረቻቸው። አባ መልስ ለመስጠት የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ከጋቢያቸው ላይ ገለባ እየለቀሙ ቆዩ።

«ያኔ ለምን ነበር አልጠራም ያልሽው?»

«እናትን በልጇ ድምፅ ማታለል ከብዶኝ ነው።»

«ዛሬስ ማታለል አይደለም?»

«ነው አባ። ግን ካልጠራኋት ትሞታለች።»

«ደግ። የምትጠሪያት ለእሷ ብለሽ ነው ወይስ ለሣሩ?»

ጥሩሸዋ ለእሳቸው መዋሸት አለመደችም። «ለሁለቱም» አለች።

አባ ቀና ብለው አዩአትና ፈገግ አሉ። «ለእሷ ለምትጠሪው ፈትቼሻለሁ፤ ሂጂ ጥሪያት። የሣሩ ነገር ግን እኔ እጅ የለም። እሱ የጓሳው ሽማግሌዎች ጉዳይ ነው።» መስቀላቸውን አሳለሟትና «ስትጨርሺ መጥተሽ ንገሪኝ፤ ሳስብ እንዳላድር» አሉ።

እውነቱን ለመናገር ጥሩሸዋ ከዚህ ንግግር የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ይዛ ነው የወጣችው። ሁለተኛውን ግማሽ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጥላው መጣች።

አሁን አስታው ሥር ተቀምጠው እርስ በርስ ሲሸታተቱ፣ ከበላያቸው ኮቴ ተሰማ። በኃይሉ ነበር፣ የጓሳው ጠባቂ። የሩቅ ማያ መነጽሩን በደረቱ አንጠልጥሏል፤ ዱላውን በትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት ክንዶቹን ጥሎበታል። ማሙሽ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«እንደምን አደሩ እትዬ ጥሩሸዋ?»

«ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?»

«እኔ ደኅና። የግልገል ጩኸት የሰማሁ መስሎኝ ነው የመጣሁት። የተጎዳ አውሬ እንዳይሆን ብዬ።»

«ጠቦት ጠፍቶብን ነው» አለች ጥሩሸዋ። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው እሷም የሰማችው።

ሌላ ሰው ቢሆን ያግኛችሁ ብሎ ያልፍ ነበር። በኃይሉ ግን እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለም። ባለፈው ክረምት የጎረቤቷ የጠጄ አህያ ስትጠፋ ሁለት ቀን ሙሉ በዝናብ ፈልጎ ያገኛት እሱ ነው። ዱላውን ከትከሻው አወረደ።

«ምን ዓይነት ነው?»

«ቡናማ።»

«ምልክት አለው?»

«ቦቃ ነው፤ ግንባሩ ነጭ።»

«አንድ ጆሮው ቆራጣ ነው» ብሎ ጨመረ ማሙሽ። ሳይጠየቅ። እናቱ በጥፊ ብትለው ደስ ባላት።

በኃይሉ ራሱን ነቀነቀ። በገደሉ በኩል ሰሞኑን ነብር እንዳለ፣ ጠቦቱ ሳይመሽ መገኘት እንዳለበት ነገራቸው። ከዚያ እናንተ በዚህ ፈልጉ፣ እኔ የላዩን ሸንተረር ልዙርላችሁ አለ።

«አትልፋ በኃይሉ፤ ሥራ አለብህ።»

«ሥራዬ መዞር አይደል እትዬ? መዞሬ ካልቀረ ዓይኔ ጠቦቱንም ይፈልግ።»

እያፏጨ ወጣ። ሰው ለበግ እንደሚያፏጨው፣ ረዘም አድርጎ፣ በየመካከሉ ቆም እያለ እያዳመጠ። ጥሩሸዋ ፉጨቱ እስኪርቅ ድረስ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም።

«ቆራጣ ጆሮ?» አለችው ልጇን።

«እንዲታመን ብዬ ነው።»

በኃይሉ ከራቀ በኋላ ጥሩሸዋ እጅጌዋን ሰበሰበች። ስሕተቷን አውቃለች። በጆሮዋ የመጣች ሚዳቋ የመጨረሻዎቹን ሃያ እርምጃዎች የምትወስነው በአፍንጫዋ እንደሆነ አባቷ በደንብ አስተምረዋታል፤ እሳቸው ለአደን ሊወጡ ሳምንት ሲቀራቸው ቅቤ አይቀቡም፣ እሳት ዳር አይቀመጡም ነበር። ነጠላዋን አውልቃ ከታች መንገድ ዳር ካቆሙት ሞተር ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። በምትኩ ሚዳቋዋን ሊሸፍኑባት ይዘውት የመጡትን አሮጌ ባና ደረበች። ባናው ከገዛ በጎቿ ጠጉር የተሠራ ነው፤ ሚዳቋዋ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ከበግ መሐል ስትግጥ ኖራለች፤ የበግ ሽታ አያስደነግጣትም።

ማሙሽን ወንዝ ወሰደችው። የየካቲት ፀሐይ ጓሳ ላይ ብርሃን እንጂ ሙቀት አይሰጥም፤ ውኃው አጥንት ይሰብራል። ፀጉሩን እንዲያጥብ፣ ሸሚዙን እንዲያወልቅ አደረገችው። እሱ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ዕድሉን ሲያማርር፣ እሷ ጦስኝ በእቅፏ ሙሉ ነቅላ መጣችና ጀርባውን፣ ክንዱን፣ አንገቱን ከእርጥብ አፈር ጋር ታሸው ጀመር።

«ሁለተኛ ልትድሪኝ ነው እንዴ?»

«አንዴ ስድርህ ያመጣኸውን አየሁት። ዙር።»

የመጨረሻው ነገር ከሁሉም የሚበልጠው ነበር። ሚዳቋዋ ውኃ የምትወርድበትን ቀጭን መንገድ ተከትላ፣ ጥሩሸዋ እያጎነበሰች፣ የአስታውን ቅርንጫፎች አንድ በአንድ አየች። አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ቁጥቋጦ ካለፈች በኋላ አገኘችው፤ ጫፉ በጥቁር ቅባት የተለቀለቀ ደረቅ እንጨት። ሚዳቋ ከዓይኗ ሥር ካለው ዕጢ የሚወጣውን ይህን ቅባት በየመንገዷ ትቀባለች፤ ይህ ቤቴ ነው ማለቷ ነው። ጥሩሸዋ እንጨቱን ሰብራ አሸተተችው። ከዚያ የልጅነት አደን ወዲህ አርባ ስድስት ዓመት አለፈ ሲባል ውሸት ነው። የአባቷ ኮት፣ የጠመንጃው ዘይት፣ ያ ወተት፣ ሁሉም በዚያች ጣት በምታክል እንጨት ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ሲጠብቋት ነበር። ቢሆንም ቅባቱን መዳፏ ላይ፣ ባናው ላይ፣ ማሙሽ የሚደበቅበት ድንጋይ ላይ ቀባች።

ነፋሱ እስኪዞር ጠበቁ። እኩለ ቀን አልፎ ከገደሉ በኩል ወደ ፊታቸው መንፈስ ሲጀምር ጥሩሸዋ በሆዷ ተኛች። ማሙሽ ፒንሳውን በቀበቶው ሽጦ፣ ከእሷ አምስት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ድንጋዩ ሥር ተጣበቀ። የሚጠበቅበት አንድ ነገር ነው፤ የካቦው ጫፍ በአጠገቡ ሲያልፍ መያዝ።

እጆቿን አፏ ላይ ገጠመች። መጀመሪያ የወጣው የአሮጊት ሳል የሚመስል ነገር ነበር። ሁለተኛው ተሰነጠቀ። ጠዋት ቀላል መስሏት ነበር፤ አሁን ጉሮሮዋ ደክሟል። ዓይኗን ጨፍና ማሙሽን አሰበች፤ የዛሬውን ጎረምሳ ሳይሆን የዚያን ጊዜውን አራስ፣ ጡት ፍለጋ ፊቱን ሲያዞር ያሰማት የነበረውን ያንን ቀጭን፣ በአፍንጫ የሚወጣ ልቅሶ። እሱን ነው የጠራችው። ድምፁ በሣሩ ላይ ተንሸራቶ ወረደ።

ሚዳቋዋ ከታች ከቁጥቋጦው መሐል ብቅ አለች።

በቀጥታ አልመጣችም። እየዞረች፣ እየቆመች፣ ፊት እግሯን እያነሣች ነው። ጥሩሸዋ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጣም ቀስ ብላ ደገመች። ሃያ እርምጃ ላይ ስትደርስ ሚዳቋዋ አፍንጫዋን ቀና አደረገች። አየሩን ሳበች። ያገኘችው ጦስኝና በግ ብቻ ነበር፤ ከቀባችው ድንጋይ ደግሞ የራሷ ሽታ። ጆሮዋ ዝቅ አለ። መጣች። ከማሙሽ ድንጋይ አጠገብ አልፋ፣ ከጥሩሸዋ ፊት ደርሳ፣ ልጇን በዓይኗ ፈለገች።

ማሙሽ ካቦውን ያዘ። ሚዳቋዋ ወደ ላይ ዘለለች፣ ሸምቀቆው ጠበቀ፣ ከጉሮሮዋ የታነቀ ድምፅ ወጣ።

«አላላላት! ታንቃታለህ፣ አላላ!»

ካቦውን እንደያዘ ወደ እሷ ተወረወረ፣ ጥሩሸዋም ባናውን ዘርግታ ከላይዋ ወደቀች። ዓይኗ ሲሸፈን እንስሳዋ ፀጥ አለች፤ ልቧ ብቻ ከባናው ሥር ይደልቃል። ጥሩሸዋ ጣቷን በጠጉሩና በካቦው መሐል አሾለከች። ቆዳው ተልጧል፣ ደም አዝሏል፤ ሥጋው ውስጥ ግን አልገባም። ማሙሽ በፒንሳው ካቦውን ይነክስ ጀመር። ክሮቹ አንድ በአንድ ነው የሚበጠሱት።

«ጡቷ ሞልቷል» አለች ጥሩሸዋ፣ ሆዷን በእጇ እየዳሰሰች።

ማሙሽ ዓይኑን በክንዱ ጠረገና የመጨረሻውን ክር በጠሰ።

ባናውን አነሡላት። ሚዳቋዋ ለትንሽ ጊዜ ባለችበት ተኝታ ቆየች፣ ነገሩ ያለቀ አልመሰላትም። ከዚያ ተነሣች፣ ራሷን አራገፈች፣ ተፈተለከች። ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቃ ስትቆም ከታች፣ ከገደሉ አፋፍ፣ ቀጭን የግልገል ጩኸት መጣ።

«አንቺ ነሽ?» አለ ማሙሽ።

ጥሩሸዋ ሁለት እጇን አፏ ላይ ከድና ራሷን ነቀነቀች። እሷ አልነበረችም። ሚዳቋዋ ወደዚያው ወረደች፤ የሚጎተት ነገር ድምፅ አልተከተላትም።

ጥሩሸዋ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀምጣ ትሥቅ ጀመር። ማቆም አቃታት፤ እንባዋ እየወረደ፣ ሆዷን ይዛ ሣቀች። አፈርና ጦስኝ የተለቀለቀው፣ ሸሚዝ የሌለው ልጇ ፊቷ ቆሞ ሲያያት ባሰባት። እንዲህ ቀለል ያላት መቼ እንደነበረ አታስታውስም። ባናውን አለበሰችው፤ ከጉያዋ ቆሎ አውጥታ ለሁለት ተካፈሉ። ማሙሽ ስለ ጣራው ማውራት ጀመረ፤ ሰኞ ስንት ሰው እንደሚጠራ፣ ሣሩን በማን አህያ እንደሚያወርደው፣ ፅዮን ከፋሲካ በፊት ቤቷ ትገባለች አለ። ፊቱ እንደ ልጅነቱ ጊዜ ሆነ።

ሲነሡ ካቦውን አንሥቶ ወደ ገደሉ አፋፍ ተጠጋ። «ልጣለው?»

«ስጠኝ» አለች።

ለምን እንዳለች አላወቀችም። ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

ወደ ሞተሩ ወረዱ። ማሙሽ አስነሣ፣ እሷ ከኋላው ተቀመጠች። ገና መንገዱን ሳይጀምሩ በሞተሩ ድምፅ መሐል አንድ ነገር ሰማችና ትከሻውን ነካችው። ሁለቱም ወደ ላይ አዩ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። በሸንተረሩ ጫፍ በኃይሉ አጎንብሶ ከአንድ ድንጋይ ሥር ያያል። ቀና አለና አፏጨ። አዳመጠ። ጥቂት ሄዶ እንደገና አጎነበሰ። ከጠዋት ጀምሮ ምሳ እንኳን ሳይበላ ያንን ሸንተረር ሲያስስ ውሏል።

«እስካሁን?» አለ ማሙሽ። «መንደር ስንደርስ ተገኘ ብለን እንልክበታለን።»

«ላየው ቢልስ? አህያዋን ካገኘ በኋላ ስንቴ ሊያያት ተመላልሷል።»

«እንግዲህ ነገ ገበያ ወጥተን ቦቃ ጠቦት እንገዛለና።»

«ጆሮው ቆራጣ።»

«ጆሮውን እኛው እንቆርጠዋለን።»

ሣቁ። ሣቁ ግን ሩቅ አልሄደም፤ በመሐል ላይ ቀዘቀዘ። በኃይሉ ሌላ ድንጋይ ሥር አጎንብሷል። ጥሩሸዋ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጥላው የመጣችው የአባ ግማሽ ንግግር ተከትሏት እዚህ ድረስ ደርሷል።

«ያንን ድምፅ የተውኩት አንተን ሳጠባ ነው» አለችው ከጀርባው። «እስከዚያ ድረስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። አባቴም አልጠየቁኝ፣ እኔም አልተናገርኩ። ምንም አልሆንኩም፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ። እንቅልፍ ብቻ ነው ያጣሁት። የተናገርኩ ዕለት ተኛሁ።»

ሞተሩ ከሥራቸው ይንቀጠቀጣል።

«ፅዮንስ?» አለ ማሙሽ።

«ፅዮን ከእኔ ጋር ትከርማለች። የእኔ ቤት ጣራ አለው፤ የሚቀጥለው አጨዳ እስኪደርስ አይፈርስም። ስትወልድም እኔው አርሳታለሁ።» ከመቀነቷ ካቦውን አወጣችና በትከሻው በኩል አሳልፋ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «ሄደህ ንገር አልልህም፣ ተው አልልህም። ያንተ ነው።»

ካቦውን አገላብጦ አየው። ሰማያዊው ልባስ ላይ ቀላ ያለ ጠጉር ተጣብቋል። ቀና ብሎ ወደ መንደሩ የሚወስደውን መንገድ አየ፤ ከሩቅ ጣራ የሌለው የድንጋይ ግድግዳ ይታያል። ከዚያ እጁን ሰድዶ የሞተሩን ቁልፍ አዞረ። ሞተሩ አንዴ አስነጥሶ ጠፋ፤ ተራራው ፀጥ አለ።

«በሞተሩ ጩኸት አይሰማንም» አለ። «ያንቺ ድምፅ ነው ሩቅ የሚደርሰው።»

ጥሩሸዋ ከሞተሩ ወረደች። ሁለት እጆቿን አፏ ላይ ገጠመች፣ ትንፋሿን ሳበች፣ በዚህኛው ጊዜ ግን የወጣው የገዛ ድምፅዋ ነበር።

«በኃይሉ! ተው፣ አትድከም! ጠቦት የለም፤ ውረድ፣ የምንነግርህ አለ!»

ሸንተረሩ ላይ ያለው ሰው ቀና አለ። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወደ እነሱ መውረድ ጀመረ፤ ማሙሽም ካቦውን እንደያዘ ሊቀበለው ተራመደ።